አሸዋ የላጨው አረፋ

ጉዳዬ የፂም መላጫ ሳሙናና ክሬም ነው። «ፂም የሌላት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስለዚህ ምን አገባት?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ታሪኩን ሳነብ ከፂም ይልቅ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚቀርብ ሆኖ ስላገኘሁት ነው ብዕር ያነሳሁት።

እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የአንድ አንድ ደቂቃ ርዝመት ያላቸው ሦስት ማስታወቂያዎች ይታዩ ነበር። ምርቱ ፓልሞሊቭ ራፒድ ሼቭ የሚባል፣ ከጣሳ እየተጫነ የሚወጣ የፂም አረፋ ነው። በማስታወቂያው ላይ አናጺዎች እንጨት የሚያለሰልሱበት ብርጭቆ ወረቀት ይቀርባል። ደረቅና ሻካራ ነው። አረፋው ይቀባበታል፣ ወዲያው ምላጭ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ሸርተት ሲል አሸዋው ሙልጭ ብሎ ይነሳል። ተናጋሪውም የአረፋውን የማርጠብ ኃይል በዓይናችሁ እዩት ዓይነት ነገር ይላል። ብርጭቆ ወረቀት ከላጨ የእናንተ ፂም ምን አላት! ያልተነገረው ነገር ቢኖር ብርጭቆ ወረቀት የተባለው ነገር ብርጭቆም ወረቀትም አለመሆኑ ነው። ፕሌክሲግላስ በሚባል መስተዋት መሰል ፕላስቲክ ላይ አሸዋ ነስንሰው ነበር የቀረጹት።

ይህች የስቱዲዮ ብልሃት ከዓመታት ክርክር በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሳለች። ፍርዱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ነገሩም ከማስታወቂያ አልፎ ነገ ካሜራ ይዘን የምንወጣውን ሰዎች የሚመለከት ይመስለኛል። ግን አንድ ድርጅት አሸዋ ልላጭ ብሎ እስከመነሳት እንዴት ደረሰ? ይህን ለመረዳት መጀመሪያ ወደ ሳሙናው መመለስ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የአረፋው ሥራ ፊትን ማጽዳት ይመስለዋል። ዋና ሥራው ሌላ ነው። ደረቅ የፂም ፀጉር ጠንካራ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ለምላጭ ይመቻል። ችግሩ ውሃ ብቻውን ፊት ላይ አይቆምም፤ ወይ ይወርዳል ወይ ይደርቃል። አረፋ ማለት እንግዲህ ውሃውን ፀጉሩ ላይ አስሮ የሚያቆይ፣ ምላጩንም ቆዳ ሳይነክስ የሚያንሸራትት ነገር ነው። ለዚህ ተራ የእጅ ሳሙና አይበቃም፣ አረፋው ቶሎ ይከስማል። ስለዚህ የፂም ሳሙና ሠሪዎች ስቴሪክ አሲድ የበዛበትን ስብ፣ በተለይም የከብት ሞራን መረጡ። ሳሙናን ጠጣር የሚያደርገው ሶዳ ብቻውን ስለማይሆን ፖታሽ ጨመሩበት። ፖታሹ ሳሙናውን ለስላሳና ቶሎ የሚሟሟ ያደርገዋል፣ ስቴሪክ አሲዱ ደግሞ አረፋውን ወፍራምና የማይፈርስ ያደርገዋል። ስብ ከምን ከምን እንደተሠራ በሳይንስ ያብራራው ፈረንሳዊው ሚሼል ኡዤን ሼቭረል ሲሆን በእንስሳት ስብ ላይ ያካሄደውን ምርምር እ.ኤ.አ. በ1823 በመጽሐፍ አሳትሟል። (ስሙ «ሼቭ» ብሎ መጀመሩ አጋጣሚ ነው፣ እኔ አልፈጠርኩትም።)

በዚያ ዘመን መላጨት በአብዛኛው የባለሙያ ሥራ ነበር። ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ የፓሪስ ስለት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1769 ሰው ራሱን በራሱ እንዴት እንደሚላጭ የሚያስተምር መጽሐፍ ማውጣቱ ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ቢሆን ኖሮ መጽሐፍ ባላስፈለገው። ወደ ገበያው ስንመጣ፣ ጄምስ ዊሊያምስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1840 በኮነቲከት ግዛት ለፂም ኩባያ ተብሎ የተዘጋጀ ሳሙና መሥራት ጀመረ። ክብ ሳሙና ነው፤ ኩባያ ውስጥ ይቀመጣል፣ በሙቅ ውሃ የራሰ ብሩሽ ይሽከረከርበታል፣ አረፋው እዚያው ይመታል። በ1903 ኪንግ ጂሌት በሚጣል ስለት የሚሠራ መላጫ ለገበያ ሲያወጣ በመጀመሪያው ዓመት የሸጠው 51 መላጫ ብቻ ነበር፤ በዓመቱ ሽያጩ ከ90,000 በላይ ሆነ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫ አዘዘ። ያ ሁሉ ወታደር ወደ ቤቱ ሲመለስ በየማለዳው ራሱን የሚላጭ ሰው ሆኖ ነው የተመለሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በኩባያው ዘመን አረፋውን የሚሠራው ገዢው ራሱ ነበር። ሳሙናው መጥፎ ከሆነ በብሩሹ ሲመታው ያውቀዋል። አረፋው ሳስቶ ይቀራል፣ ወይ ፊቱ ላይ ይደርቅበታል። ፈተናው በየማለዳው በገዛ እጁ ላይ ነው፣ ሻጩም ከዚያ ኩባያ ማምለጫ የለውም።

ብሩሹ ግን ሌላ ታሪክ አለው፣ ደስ የማይልም ነው። ጥሩ የሚባለው ብሩሽ የሚሠራው ባጀር ከሚባል እንስሳ ፀጉር ሲሆን ፀጉሩ ለአሜሪካና ለእንግሊዝ ገበያ የሚደርሰው በጀርመን በኩል ነበር። ጦርነቱ ያንን መንገድ ሲዘጋው ነጋዴዎች ከቻይና፣ ከጃፓንና ከሳይቤሪያ የፈረስ ፀጉር እያስመጡ የባጀር አስመስለው መሥራት ጀመሩ። ፀጉሩ በደንብ አይጸዳም ነበርና ከብሩሹ ጋር አባሰንጋ መጣ። አዎ፣ እኛ በከብት በሽታነት የምናውቀው አባሰንጋ። አዲስ ብሩሽ ገዝተው ፊታቸውን የላጩ ወታደሮችና ሲቪሎች ታመሙ፣ የሞቱም አሉ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1920 ከጃፓን የሚመጣ የፂም ብሩሽ እንዳይገባ እስከመከልከል ደረሰች። ሰውየው የገዛው የባጀር ፀጉር የሚመስል ነገር ነው፤ ለዓይን አንድ ናቸው፣ ሬሳው ግን የእውነት ነው። «መምሰል ብቻ ምን ይጎዳል?» ለሚሉ ወዳጆቼ ይህችን ምሳሌ ሁልጊዜ ከኪሴ አላጣትም።

ጦርነቱ ባለቀ ማግስት፣ በ1919፣ ፍራንክ ሺልድስ የሚባል የቀድሞ የኤም አይ ቲ ፕሮፌሰር ባርባሶል የተባለውን ክሬም ይዞ ብቅ አለ። ብሩሽ የለ፣ ኩባያ የለ፤ ከቱቦው ጨመቅ፣ በጣት ቀባ፣ ላጭ። በ1925 ደግሞ ከሚኒሶታ ግዛት በርማ ሼቭ ተከተለ። ከብሩሽ ጋር አብሮ የሄደው ግን ያ የማለዳ ፈተና ጭምር ነው። ክሬሙ ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነው፤ ገዢው የሚመታው የለም፣ ቀብቶ ማመን ብቻ ነው የቀረው። ከዚህ በኋላ «የኔ ይበልጣል» የሚለው ክርክር ከኩባያው ወጥቶ ወደ ጋዜጣ፣ ወደ ሬዲዮና ወደ መንገድ ዳር ሄደ።

የመንገድ ዳሩን ሳላወራ ባልፍ ይቆጨኛል። በርማ ሼቭ በአውራ ጎዳናዎች ዳር ትናንሽ ሰሌዳዎችን በተርታ ይተክል ነበር። እያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ጥቂት ቃላት ብቻ አሉ፤ መኪናው እየሄደ ሲነበቡ ተያይዘው ቤት የሚመታ ቀልድ ይሆናሉ፣ የመጨረሻው ሰሌዳ ላይ የምርቱ ስም ይመጣል። ይህ እስከ 1963 ድረስ ዘልቋል። አንድ ጊዜ 900 ባዶ ብልቃጥ ላመጣ ሰው ወደ ማርስ ነጻ ጉዞ እንሰጣለን ብለው ለጠፉ። ዊስኮንሲን ግዛት ያለ አንድ የሱቅ ሥራ አስኪያጅ ታዲያ ከምሩ 900 ብልቃጥ ሰብስቦ መጣላቸው! ድርጅቱ ምን ያድርግ? በጀርመን ሞርስ የምትባል፣ ስሟ ከማርስ ጋር የሚመሳሰል ከተማ ስላለች ሰውየውን ወደዚያ ላከው። እንደዚህ ዓይነት ማጋነን እኔ ውሸት አልለውም። ቀልድ መሆኑን ሰሚውም ተናጋሪውም ያውቁታል፤ ማርስ እሄዳለሁ ብሎ ሻንጣውን ያዘጋጀ የለም።

ጣሳው የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ካርተር የተባለው ድርጅት ራይዝ የሚባለውን አረፋ በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ አወጣ፣ ሌሎቹም ተከታትለው ገቡ። ጣሳው ውስጥ ያለው በአብዛኛው ውሃ፣ ትንሽ ሳሙናና ሁሉንም ገፍቶ የሚያወጣ ጋዝ ነው። ድሮ በብሩሽ ደቂቃዎች ይወስድ የነበረው አረፋ አሁን በአንድ ጣት ጭነት ይመጣል። ምቾቱን አልክድም። ግን የአንዱ ጣሳ አረፋ ከሌላው ጣሳ አረፋ ለዓይን አይለይም፤ ሁሉም ነጭ ነው፣ ሁሉም ይቆማል። አንድ ዓይነት በሚመስሉ ነጫጭ ክምሮች መካከል የራስህን እንዴት ትለያለህ? ፊት ላይ ብታሳይ ሁሉም ይላጫሉ። ስለዚህ ማንም ያልላጨውን ነገር መላጨት አስፈለገ፤ አሸዋ!

ወደ ክርክሩ ልግባ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥር 1960 ኮልጌት ፓልሞሊቭንና ማስታወቂያውን የሠራለትን ቴድ ቤትስ የተባለውን ድርጅት ከሰሰ። ማስረጃ ሲሰማ የታየው ይህ ነው፦ በማስታወቂያው የታየውን ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት በዚህ አረፋ መላጨት ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ 80 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ አለበት። ሰማንያ ደቂቃ! ይህን ያህል ጊዜ አረፋ ተቀብቶ የሚቀመጥ ሰው ሥራ አይኖረውም ማለት ነው። ድርጅቶቹ የተከላከሉት እንዲህ ብለው ነው፦ እውነተኛ ብርጭቆ ወረቀት በቴሌቪዥን ሲታይ ተራ ባለቀለም ወረቀት ይመስላል፣ ተመልካቹ አሸዋውን እንዲያይ ስንል በፕሌክሲግላስ ተካነው። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» እንደማለት ነው። ጉዳዩን መጀመሪያ ያየው ሰው ክሱን ውድቅ አድርጎት ነበር፣ ኮሚሽኑ ሻረው፤ ቦስተን የሚገኘው የይግባኝ ፍርድ ቤት ደግሞ የኮሚሽኑን ትእዛዝ አልቀበልም አለ። በመጨረሻ ሚያዝያ 1965 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ለኮሚሽኑ ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዋና ዳኛው ኧርል ዋረን ናቸው።

ይህን ፍርድ የወደድኩት ጭፍን ስላልሆነ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የተደረገ መተካት ሁሉ ውሸት ነው አላለም። ምሳሌው አይስክሬም ነው። በካሜራ መብራት ሥር አይስክሬም ይቀልጣል፣ ስለዚህ በፈንታው የተፈጨ ድንች ይቀመጣል። ማስታወቂያው ስለ ሌላ ነገር ሆኖ ሰዎች አይስክሬም ሲበሉ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ድንቹ ማንንም አያታልልም። ነገር ግን ድንቹን እያሳየህ «የአይስክሬሜን ውበት በዓይንህ እይ» ካልክ ያኔ ድንቹ ማስረጃ ሆኗል፣ ማስረጃው ደግሞ ሐሰተኛ ነው። ፍርድ ቤቱ ሐሰተኛ ማሳያን ያልተሰጠ ምስክርነት ተሰጥቷል ብሎ ከማውራት ጋር አመሳስሎታል። ምርቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ምስክሩ ግን የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ በቴሌቪዥን እውነቱን ጠብቆ ማሳየት ካልተቻለ፣ ቴሌቪዥን ለዚህ ዓይነቱ ማስታወቂያ አይመችም ማለት ነው እንጂ ማስታወቂያው በግድ ይኑር ማለት አይደለም ብሏል።

የተለዩት ሁለት ዳኞች፣ ሃርላንና ስቱዋርት፣ የያዙት ክርክርም ቀላል አይደለም። ስቱዲዮ ውስጥ የሆነው ምን አገባን? ጥያቄው ተመልካቹ ሳሎኑ ውስጥ ያየው ነገር ስለ ምርቱ እውነት ነው ወይ ነው፤ እውነት ከሆነ በምን ተቀረጸ አይባልም ነው ሐሳባቸው። አንድ የክፍላችን ልጅ ይህን ነጥብ በብርቱ ይዞ ባለፈው ሴሚስተር ካፌ ውስጥ ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ተከራክሮኛል።

«አንቺ፣ ድራማ ላይ የሚፈሰው ደም እኮ ቀለም ነው። እሱንም ልትከሺ ነው?»

«ድራማው ማስረጃ አቀረብኩ አይልማ!» አልኩት።

«ተመልካቹ ሞኝ አይደለም፣ ያውቃል።»

አያውቅም። ማርስ እንደማይሄድ ያውቃል፣ ፕሌክሲግላሱን ግን በምን ይወቅ? የበርማ ሼቭ ሰሌዳ «እንሳቅ» ነው የሚለው፣ የራፒድ ሼቭ ካሜራ ግን «ተመልከት፣ አንተው ፍረድ» ይላል። ሰው የራሱን ዓይን አምኖ ፈረደ፤ ዓይኑ ሥር ያኖሩለት ነገር ግን ሌላ ነው። ይህ «የኔ ክሬም ከሁሉም ይበልጣል» ብሎ ከመዋሸት የባሰ ይመስለኛል። ያኛውን ቢያንስ «ሻጭ ነው፣ ምን ይበል?» ብለን እንቀንስለታለን። በዓይናችን ያየነውን ግን አንቀንስም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህ መጽሔት የሚነበበው በዚህ ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። በተግባር ልምምድ ላይ ስለ ገበያ ዋጋ ዘገባ ስንሠራ የሽንኩርቱ ምስል ከሌላ ዓመት፣ ከሌላ ገበያ ሲመጣ ስንቶቻችን ነን ግድ የሚለን? ስለ ጎርፍ ስናወራ ያገኘነውን ጎርፍ እንለጥፋለን። የሚናገረው ሰው አንድ ጊዜ ከቢሮ ሲወጣ ሳንቀርጸው ብንቀር «እባክዎ ጋሼ፣ ተመልሰው ይግቡና እንደገና ይውጡልን» እንላለን። እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሰውየው ከቢሮው ድጋሚ ቢወጣ የተፈጨ ድንች ነው፣ ማንም በመውጣቱ ላይ ተመሥርቶ የሚያምነው ነገር የለም። የሽንኩርቱ ገበያና ጎርፉ ግን ፕሌክሲግላስ ናቸው፤ ዘገባው «ይኸው» የሚለው በእነሱ ነውና። መስመሩ ሁልጊዜ እንደዚህ ጥርት ብሎ አይገኝም፣ ይህን አልክድም። ለምሳሌ በዘጋቢ ፊልም ውስጥ የድሮ ታሪክ በተዋንያን ሲቀርብ «በትወና የቀረበ» የሚለው ጽሑፍ ስሜቱን ያበላሻል የሚሉ አሉ። ያበላሽ ባይ ነኝ። ስሜቱ የተገኘው ሰው ትወናውን የእውነት ቀረጻ ነው ብሎ በማመኑ ከሆነ መጀመሪያም የእኛ አልነበረም።

በስልካችን የሚመጣውንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፀጉር የሚያሳድግ ቅባት «በፊት» እና «በኋላ» ተብሎ በሁለት ፎቶ ይቀርባል፤ «በኋላ» የተባለችው ልጅ የመጀመሪያዋ ልጅ እህት እንኳን አትመስልም። በ1959 አሸዋ ለመላጨት ስቱዲዮ፣ ፕሌክሲግላስና የማስታወቂያ ድርጅት ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ጎርፉንም፣ ገበያውንም፣ ምስክሩንም በሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃዎች ፈጥሮ መልቀቅ ይቻላል። በአገራችን በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። አዋጅ ግን ሞንታዥ ክፍል ውስጥ አብሮን አይቀመጥም። እዚያ የምንቀመጠው እኛ ነን፣ አዘጋጁም «ምስል የለህም? ፈልግና ሙላው» የሚለው እዚያ ነው። በነገራችን ላይ የፍርዱ ትእዛዝ ያረፈው በኮልጌት ላይ ብቻ አይደለም፣ በቴድ ቤትስም ላይ ነው። የሕዝብ ግንኙነትና የማስታወቂያ ሥራ የምታስቡ ጓደኞቼ «ደንበኛው ነው ያዘዘኝ» የሚለውን መልስ ከአሁኑ ብትተዉት ይሻላል።

ለመምህራኖቻችን ያለኝ ሐሳብ ይህ የፂም አረፋ ጉዳይ በሥነ ምግባር ኮርስ ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጠው የሚል ነው፤ ሁለቱም ወገን፣ የዋረንም የሃርላንም ሐሳብ ይቅረብና ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከርበት። ያ የክፍላችን ልጅ የሃርላንን ወገን እንደሚይዝ ከአሁኑ መናገር እችላለሁ፣ ጎበዝ ተከራካሪ ስለሆነም አይከብደውም። ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ከሚቀጥለው የተግባር ልምምድ ጀምሮ የዕለቱ ያልሆነ ምስል በተጠቀምን ቁጥር ጥግ ላይ «ከማህደር» ብለን ከነዓመቱ እንጻፍ። የሚወስድብን ግማሽ ደቂቃ ነው፣ ከሰማንያ ደቂቃ ዝፍዘፋ በእጅጉ ያነሰ።